የዞርኪው ጥቁር መጋረጃ

ዞርኪ-4 የተባለውን የሶቪየት ካሜራ ገልብጣችሁ ከሆዱ በታች ያሉትን ሁለት ቁልፎች ስታዞሩ ጀርባው ከነወለሉ ተንሸራቶ ይወጣል። ውስጡን አይቶ የማያውቅ ሰው ብረትና መስታወት ይጠብቃል፤ ፊት ለፊት የሚያገኘው ግን ጨርቅ ነው። ቁመቷ 24፣ ወርዷ 36 ሚሊሜትር የሆነች መስኮት አለች፤ ጨርቁ እሷን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ፣ ሳይጨማደድም ሳይረግብም ተወጥሮ ይቆማል። ጥቁር ነው፤ አያብረቀርቅም። የእጅ ባትሪ ከጎኑ አስጠግታችሁ በሰዓት ሠሪ መነጽር ብታዩት ከጎማው ቅብ ሥር የሽመናው ድርና ማግ ብቅ ይላል። በመጋረጃው ጠርዝ ላይ የታጠፈች ቀጭን ብረት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብላ ወርዳለች። በጣት አይነካም፤ የጣት ወዝ ለጎማው አይበጀውም።

ያየሁት ካሜራ ባለቤት በደርግ ዘመን ሞስኮ ተምረው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በጅማ ዙሪያ በቡና ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ያኔ ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከሄዱት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ሲመለሱ ዞርኪ፣ ፌድ ወይም ዜኒት አንግተው የመጡ ጥቂት አልነበሩም። ዛሬም በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም ቁም ሳጥን ላይ ከነቆዳ ቦርሳቸው የተቀመጡ አይጠፉም። «ጋሼ፣ አሁንም ይሠራል?» ስላቸው «መጋረጃው ደኅና እስከሆነ ድረስ ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የዞርኪ ሌንስ በቀላሉ አይሞትም፤ ሣጥኑም ቢወድቅ ወለሉን ነው የሚያሳዝነው። የሚያሰጋው ጨርቁ ነው። ጨርቁን ደግሞ እንደ ፀሐይ የሚጎዳው የለም።

ጉዳቱን ከማየት በፊት ግን የሚጎዳውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ሥራው ያምራልና።

መጋረጃው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከፎቶው በፊት ፊልሙን ሸፍኖ የሚጠብቅ፣ ሁለተኛው ከፎቶው በኋላ ተከትሎ መጥቶ የሚዘጋ። ሁለቱም በመስኮቷ ግራና ቀኝ በቆሙ ዘንጎች ላይ ይጠቀለላሉ። በአንደኛው ወገን ያሉት ዘንጎች ሆዳቸው ክፍት ነው፤ ውስጣቸው ሞላ አለ፤ መጋረጃውን ጎትቶ የሚያስሮጠው ያ ሞላ ነው። እያንዳንዱ ጨርቅ በአንድ በኩል ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል፤ በሌላው በኩል ግን ጨርቁ ያልቅና ከላይና ከታች ሁለት ጠባብ ጥብጣቦች ይቀጥሉለታል። እነዚህ ጥብጣቦች ቁመታቸው እኩል ካልሆነ፣ አንዷ ትንሽ እንኳ ብትረዝም፣ የመጋረጃው ጠርዝ ያዘማል። ጠርዙ ሲያዘም ፎቶው ከላይ ፈክቶ ከታች ይጠቁራል። ማስቲሹም እንዲሁ በልክ ነው። ከበዛ ጨርቁ ዘንጉ ላይ ሲጠቀለል ይንገጫገጫል፤ ካነሰ ከዓመታት በኋላ ይላቀቃል። ያየሁት ዞርኪ ላይ የማስቲሹ መስመር ከጨርቁ ጫፍ ዝንፍ አላለም። የተለጠፈው ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ነው።

ማንሻዋን ስትጫኑ የመጀመሪያው መጋረጃ ይለቀቅና ይሮጣል፤ ሁለተኛው ይከተለዋል። በመካከላቸው የሚቀረው ቀጭን ክፍተት ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር እየጠረገ ያልፋል። በ1/1000 ሰከንድ ፍጥነት ክፍተቷ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ናት፤ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን በእኩል የጊዜ ልዩነት እየተከተለ 36 ሚሊሜትሩን መሻገር አለበት። መንገድ ላይ ቢዘገይ ወይ ቢቀድም ከአንዲት ቡና ለቃሚ ቀሚስ ግማሹ ይነጣል፣ ግማሹ ይጨልማል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ባትሪ የለም፣ ኤሌክትሮኒክስ የለም። ሁለት ሞላዎችና ጥቂት ጥርሶች ናቸው። ጨርቁ ቀላል ባይሆን ኖሮ ሞላዎቹ በዚያ ፍጥነት አስነስተው በዚያ ፍጥነት ሊያቆሙት አይችሉም ነበር። ቅጥነቱ ለቁጠባ ወይም ለጌጥ አልተደረገም፤ ማሽኑ የሚሠራው ጨርቁ ቀጭን ስለሆነ ነው። ድምፁንም የሚያለዝበው እሱ ነው፤ በቡና ሥነ ሥርዓት መሀል ብታነሱ እንግዳ ዘወር ብሎ አያያችሁም። እኔ በዚህ ዓይነት ካሜራ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ መጋረጃ ነው፤ ሌንሱን ሁሉም ያደንቅለታል።

ዞርኪ አባት አለው። አባቱ ፌድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በካርኮቭ ከተማ፣ አንቶን ማካሬንኮ ይመራው በነበረው የወጣቶች ኮምዩን ውስጥ መሠራት የጀመረ። ወላጅ አልባና ጎዳና ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው መጋረጃውን የቆረጡት፣ ጥብጣቡን የለጠፉት። ፌድ ደግሞ ከጀርመኑ ላይካ ቁርጥ ተደርጎ የተቀዳ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 በሞስኮ አጠገብ ያለችው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ያንኑ ሥራ ተቀብላ ዞርኪ አለችው። ዞርኪ-4 ከ1956 እስከ 1973 ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ጀርባው እንዲወልቅ ሆኗል፣ ማያው ሰፍቷል፣ ፍጥነቱ ተጨምሮለታል፤ መጋረጃው ግን ያው የላይካው መጋረጃ ነው።

የላይካው መጋረጃ ታሪክ ራሱ ከሌንስ ክዳን ጋር የተሳሰረ ነው። ቬትስላር በምትባለው የጀርመን ከተማ በላይትስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ እ.ኤ.አ. በ1914 ገደማ የመጀመሪያዋን ትንሽ ካሜራ ሲሠራ መጋረጃዎቹ ፊልሙ ሲጠነጠን መገጣጠም አይችሉም ነበር። ወደ ኋላ ሲመለሱ በመካከላቸው ክፍተቷ እንዳለች ትመለሳለች፤ ሌንሱ ክፍት ከሆነ ፊልሙ ይቃጠላል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ባጠነጠነ ቁጥር ሌንሱን መክደን ነበረበት። በ1923 ለሙከራ በተሠሩት ጥቂት ካሜራዎች ላይ ክዳኑ እንዳይጠፋ በክር ታስሮ ነበር። ለገበያ የወጣችው የ1925 ላይካ ግን ይህን ገላግላለች። ሲጠነጠን ሁለቱ መጋረጃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው አብረው ይመለሳሉ፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ክሩ ተበጠሰ፣ ክዳኑም ኪስ ውስጥ ቀረ። የዚያን ዘመን ሰው ሲደነቅ የነበረው በሌንሱ ቢሆንም እውነተኛው ብልሃት ይህ መደራረብ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ካሜራው ያለ ክዳን እንዲኖር ተፈቀደለት።

የተፈቀደለት ግን በቬትስላር ሰማይ ሥር ነው።

ይህን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል። ቬትስላር በሰሜን 50 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ፀሐይ እዚያ በዓመቱ ከፍ ባለችበት ቀን ቀትር ላይ ከአናት 27 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው የምትውለው። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከመሀሉ ጀምሮ እስከ ፎቶው ጥግ የሚያየው 23 ዲግሪ ነው። እንግዲህ አንድ የቬትስላር ሰው ካሜራውን በጀርባው አስተኝቶ፣ ሌንሱን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ ምሳውን በልቶ ቢመለስ ፀሐይዋ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን መጋረጃው ላይ አታርፍም። ካርኮቭ በ50 ዲግሪ፣ ክራስኖጎርስክ ከ55 ዲግሪ በላይ ናቸው፤ እነሱም ዘንድ እንዲሁ። ይህን መጋረጃ የፈጠሩትና የሠሩት ሦስቱም ከተሞች ፀሐይን ከራሳቸው አናት ላይ አይተዋት አያውቁም።

ጅማ ሌላ ነች። በሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ። በሚያዝያ መባቻና በነሐሴ ማብቂያ ፀሐይ ከተማዋን አናት አናቷን ትመታለች፤ ያውም በስድስት ሰዓት ሳይሆን በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰዓታችን ከጅማ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሚቆጠር። ከየካቲት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናት ከ16 ዲግሪ በላይ አትርቅም። የዞርኪው ሌንስ በረጅሙ ጎን ወደ ግራና ቀኝ 20 ዲግሪ፣ በአጭሩ ጎን 13 ዲግሪ ያህል ያያል። ካሜራው በጀርባው ከተኛ ፀሐይዋ ወይ ከፎቶው መሀል ወይ ከዳር ትገባለች ማለት ነው። የክረምቱ ደመና ብዙውን ጊዜ ይከላከላል፤ በልግ ላይ ግን ደመናው ተከፈተ ሲባል የሚወጣው ፀሐይ ጠራራ ነው። በዚያ ላይ የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫዋ ጎድጎድ ያለ። በረንዳ ላይ ካሜራ ለማስቀመጥ ከሷ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስልም፤ ጎድጓዳው ይዞ አያንከባልለውም። ካሜራው በጀርባው ተደላድሎ ይተኛል፣ ዓይኑንም ወደ ላይ ያፈጣል።

መጋረጃው ላይ የሚያርፈው ምንድን ነው? ሌንሱ ወደ ሩቅ ከተስተካከለ የፀሐይዋን ሥዕል ጨርቁ ላይ ይሥላል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የሥዕሉ ስፋት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ዞርኪ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ዩፒተር-8 የተባለው ሌንስ አፐርቸሩ ወደ 2 ሲከፈት 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው በር ይሆናል። በዚያ በር የገባው ብርሃን ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ከፀሐዩ ብርሃን ወደ 2,800 እጥፍ የተጠናከረ። በጠራ ቀትር ግማሽ ዋት የሚያህል ሙቀት በመርፌ ጫፍ ላይ ማለት ነው። ጨርቁ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ስለሆነ ነው ፊልሙን የሚጠብቀው፤ ጥቁር ስለሆነም ነው ሙቀቱን ምንም ሳይመልስ የሚውጠው። ፀሐይዋ ሰማይ ላይ የራሷን ስፋት ያህል ለመራመድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ጎማው ለመቅለጥ ያን ያህል ጊዜ አይጠይቅም።

ያው ሌንስ አፐርቸሩ ወደ 16 ሲጠብ ግን የሚገባው ብርሃን 64 ጊዜ ይቀንሳል። ርቀቱም ወደ አንድ ሜትር ሲመለስ የፀሐይዋ ሥዕል ጨርቁ ላይ ስለሚደበዝዝ ስፋቱ ያድጋል። ሁለቱ ሲደመሩ መርፌው መርፌነቱን ያጣል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ምንም ዋጋ አያስከፍሉም፤ በጣት ሁለት ቀለበት ማዞር ነው።

ያየሁት ዞርኪ ላይ አንድ ጠባሳ አለ። ሁለተኛው መጋረጃ ላይ፣ ከመሀሉ ትንሽ ወደ ታች፣ የሦስት ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላት ቀጭን መስመር። አንደኛው ጫፏ ላይ ጎማው ተሰብስቦ ዙሪያዋ ከፍ ብሏል፤ ክሩ ቡናማ ሆኖ ሁለት ቦታ ላይ ተበጥሷል። ሌላው ጫፏ እየሳሳ ይጠፋል። ከባትሪ ብርሃን ፊት ስይዘው ከጫፏ ሁለት ነጥቦች አበሩ። ይህ መስመር ይነበባል። ካሜራው ቆሞ ነበር፤ ፀሐይዋ ናት የሄደችው። በደቂቃ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ስለምትጓዝ ሦስት ሚሊሜትሩ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። መጀመሪያ አቃጠለች፤ በኋላ ደመና ሸፈናት ወይም ጥላ መጣ፤ መስመሩ ሳሳ። በአንገት ተንጠልጥሎ ሲራመድ የተቃጠለ መጋረጃ እንዲህ አይሆንም፤ ፀሐይዋ ከቦታ ቦታ እየዘለለች ስለምትሮጥ ቢበዛ ቅቡን ታደክመዋለች። ስለዚህ ካሜራ አንግቶ ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ማውራት ይከፋል። በኛ አገር ደግሞ ሰላምታው ራሱ ስንት ደቂቃ ነው?

ለምን ሁለተኛው መጋረጃ ላይ ሆነ? ካሜራው ሳይጠነጠን ስለተቀመጠ። ፎቶ ከተነሣ በኋላ መስኮቷን የሚሸፍነው ሁለተኛው ነው፤ ሲጠነጠን የመጀመሪያው ይተካዋል። ስለዚህ መጋረጃ ሲመረመር ሁለት ጊዜ መመርመር አለበት። ፊልም በሌለበት፣ ሌንሱን አውልቃችሁ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከፊት አብርታችሁ ከኋላ እዩ፤ ከዚያ አጠንጥናችሁ ድገሙት። ፀሐይን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ዓይን እንደ መጋረጃ በጨርቅ አይተካም። ጀርባቸው የማይከፈት የቀድሞዎቹ ፌድና ዞርኪ ካላችሁ መልሱን ከፊልሙ ታገኛላችሁ። ቀዳዳ ኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ የታተመ ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ነጥቡ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ እየወደቀ አንዴ ከደመቀና አንዴ ከደበዘዘ መጋረጃው ነው፤ ድምቀቱ የሚለያየው ካሜራው ፀሐይ ላይ በቆየበት ጊዜ መጠን ነው። የፊልም አጣቢው ስህተት እንዲህ ቦታ አይጠብቅም። ስንት አጣቢ ያለ ኃጢአቱ ተወቅሷል!

በጅማና በዙሪያዋ ይህ አደጋ የሚመጣበት የራሱ መንገድ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ጊዜ ነው፤ ፎቶ አንሺም የሚመጣው ያኔ ነው። የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ከአናት 31 ዲግሪ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በጀርባው የተኛ ካሜራ በዚያ ወር ከጉዳቱ ያመልጣል። ያኔ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሰው ቤት ትገባላችሁ። ቡና እየተቆላ ነው፤ ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ። ጭሱን ለማንሳት አፐርቸሩን እስከ 2 ትከፍታላችሁ፤ ሦስተኛውን ስኒ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። ደጅ ላይ ልጆች፣ ከልጆቹ በላይ ዋንዛና ሰሳ፣ በቅጠሎቹ መሀል የአሥር ሰዓት ፀሐይ። ዓይን ከጨለማ ሲወጣ ጨፍኖ ራሱን ያድናል፤ ሌንሱ ግን 2 ላይ እንደተከፈተ ነው፣ ማንም ጨፍን ያለው የለም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከጨለማው የእንጨት ክፍል ወደ ሰገነቱ አንድ እርምጃ ነው፤ በዚያች አንድ እርምጃ ብርሃኑ ብዙ መቶ ጊዜ ይጨምራል።

አጋሮ አካባቢ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የዋለ ሰው ግን ጥንቃቄውን የትም መሄድ ሳያስፈልገው ይማረዋል። ታጥቦ ገና ያልደረቀ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ሠራተኞቹ ሸራ ያለብሱታል፤ ስትበርድ ይገልጡታል። ካልሸፈኑት ገለባው ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ፍሬውም ዋጋ ያጣል። ቡናው ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ያለ እሷ አይደርቅም። የሚፈራው የቀትሩን ነው። የፊልም ካሜራም ጉዳይ ከዚህ አይለይም፤ ብርሃን ካልበላ ፎቶ የለም፣ ቀትሩን ግን በክዳን ማሳለፍ አለበት። የጡረተኛው ዞርኪ ክዳን ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ከውስጡ የቀይ ከፋይ ቅሪት አለ። ከሌንሱ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን ክር ጠምጥመውበታል። ክሩ ቀጭን የጆንያ መስፊያ ክር ነው፤ መጠምጠሚያው ጠርዝ ለጠርዝ የተጠጋ፣ አንዱም ያልተደራረበ፣ መጨረሻው በሰም ተለጥፎ የጠፋ። ክዳኑ ሲገባ ጭብጥ ይላል፤ ካሜራው ቢገለበጥም አይወድቅም። ክራስኖጎርስክ የሠራው ክዳን ይህን ያህል አይጠብቅም ነበር።

«ለምን በብረት አይሠሩትም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሠርተውታል። የጀርመኑ ኮንታክስ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ከቀጫጭን የብረት ዘርፎች የተያያዘ መጋረጃ ነበረው፤ የሶቪየቱ ኪየቭ ያንኑ ወርሷል። ፀሐይ አይበሳውም። ዘርፎቹን የሚያያይዙት የሐር ጥብጣቦች ግን አርጅተው ሲበጠሱ መጋረጃው ከነብረቱ ይረግፋል፤ እሱን ቀጥሎ መመለስ ደግሞ ጥቂት ሰው የሚደፍረው ሥራ ነው። የጃፓኑ ካኖን በ1959 ያወጣው ካኖን ፒ መጋረጃው የማይዝግ ስስ ብረት ነው፤ አይቃጠልም፣ ግን ጣት ከነካው ይጨማደዳል፣ ጭምድዱም አይዘረጋም። ኒኮን ከጨርቅ ወደ ታይታኒየም የሄደው በዚያው ዘመን ነው። ዜኒት ደግሞ ሌላ ጥበቃ አለው፦ ከመጋረጃው ፊት መስታወት ተጋድሞ ብርሃኑን ወደ ማያው ያነሣዋል። ከዜኒት-ኢ በፊት በነበሩት ዜኒቶች ግን ፎቶ ከተነሣ በኋላ መስታወቱ እስኪጠነጠን ድረስ ተነሥቶ ይቀራል፤ ያኔ መጋረጃው ያለ ከለላ ነው። ዜኒት ያላችሁ ሰዎች ሞዴሉን እዩ። ስሜና እና ሉቢተልን የመሰሉት ካሜራዎች ብርሃን መዝጊያቸው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ ፀሐይዋ ሥዕሏን የምትሥለው ከእነሱ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ አይቼም ምርጫዬ ጨርቁ ነው። ብረቱ ለሰነፍ ይመቻል፣ ጨርቁ ለሚጠነቀቅ ሰው። የጨርቁን ልስላሴና ዝምታ ብረቱ አልሰጠም።

ከተበሳም አልሞተም። ነጥብ የምታህል ቀዳዳ ከሆነች በጨርቅ ላይ የማይሰነጠቅ፣ ሲደርቅ የሚለመጥ ጥቁር ቅብ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ይነካባታል። እዚህ ላይ ነው የጠጋኙ እጅ የሚለየው። መጥፎ ጠጋኝ ያለብሳል፤ ቅቡ ይወፍርና መጋረጃው ዘንጉ ላይ ሲጠቀለል እዚያች ቦታ ላይ ይያዛል፣ ፍጥነቱም ይበላሻል። ጥሩ ጠጋኝ ቅቡን ሙሉ በሙሉ ያደርቀዋል፣ በብርሃን ይፈትሸዋል፣ ካልበቃ ሌላ ስስ ይደግማል፤ መጋረጃውንም ከመሮጡ በፊት ደጋግሞ በዝግታ ያጠነጥነዋል። የጥፍር ቀለምና የጫማ ማስቲሽ የቀቡ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም ሲደርቁ ይጠጥራሉ፤ አትሞክሩት። ቀዳዳው ከሰፋ ወይ ጎማው በሙሉ ከተሰነጣጠቀ መጋረጃው መለወጥ አለበት። ያ ማለት ካሜራውን እስከ ሞላው መፍታት፣ አዲሱን ጨርቅ በአሮጌው ልክ መቁረጥ፣ ጥብጣቦቹን እኩል አድርጎ መለጠፍ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ መታገሥ፣ በመጨረሻም ሞላዎቹን ከታች ባሉት ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ነው። ትንሽ ካቻቪቴ፣ ወረንጦና ትዕግሥት ይበቃል፤ ሦስተኛው ነው የሚጎድለው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በአዲስ አበባም በቁጥር ነው፤ ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩት።

የጡረተኛው ዞርኪ ላይ ያለችው መስመር ገና አልተቀባችም። ልቀባት ብዬ አልደፈርኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ካሜራው በቆዳ ቦርሳው ውስጥ፣ ክዳኑ ገብቶ፣ አፐርቸሩ 16 ላይ፣ ርቀቱ አንድ ሜትር ላይ ሆኖ፣ ሞላው እንዳይደክም ሳይጠነጠን ነው የሚያድረው።

ቤታችሁ የአባት ወይም የአጎት ዞርኪ፣ ፌድ ወይም ላይካ ያለ ከሆነ ዛሬ ማታ አውርዱት። መብራት አጥፍታችሁ በእጅ ባትሪ መጋረጃውን እዩት፤ አጠንጥናችሁም ድገሙት። ክዳኑ ከጠፋ በልኩ ሌላ አሠሩለት፤ ለጊዜው ጥቁር ጨርቅም ይበቃል። በጠራራ ፀሐይ ስትወጡ አፐርቸሩን አጥብቡ፤ ስታስቀምጡት ሌንሱን ወደ ሰማይ አታድርጉ። በተለይ በሚያዝያ፣ በተለይ በጅማ።